ያለውን ሳይጥሉ መኖር፦ ስለ ቤት ውስጥ ብክነት ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

መልሶቹ የአዲስ አበባንና የመሰሏትን ከተሞች ኑሮ ያሰቡ ናቸው፤ ከቀላሉ ወደ ከባዱ ይሄዳሉ።

ብክነት መቀነስ ፈልጌያለሁ። ከየት ልጀምር?

ከቆሻሻ መጣያው። ለአንድ ሳምንት ምንም ሳይቀይሩ የሚጣለውን ብቻ ይመልከቱ። ግድግዳ ላይ በተለጠፈች ወረቀት ቢመዘገብ ደግሞ ይበልጥ ጥሩ ነው፦ "ማክሰኞ፣ ሦስት እንጀራ ሻገተ። ሐሙስ፣ ግማሽ ድስት ምስር ተደፋ።" ብዙ ሰው ችግሬ ፕላስቲክ ነው ብሎ ይነሳና ዝርዝሩን ሲያየው የሚያገኘው ምግብ ነው። የአዲስ አበባ ቆሻሻም ቢሆን ከግማሽ በላይ የሚሆነው የሚበሰብስ ነገር ነው።

ከዝርዝሩ ደጋግሞ የመጣውን አንዱን ብቻ ይምረጡና በእሱ ይጀምሩ። ሁሉንም በአንድ ሰኞ ለመቀየር የተነሳ ቤት በሁለተኛው ሳምንት ሁሉንም ይተዋል። ደግሞ ለዚህ ኑሮ ብለው አዲስ ዕቃ አይግዙ። አንድ ዓይነት ብልቃጥ ደርድሮ ፎቶ ማንሳት ያምራል፤ ማር የነበረበት ብልቃጥ ግን ያንኑ ሥራ ይሠራል።

በብዛት የምንጥለው እንጀራ ነው። ለምን ቶሎ ይሻግታል?

አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የአቀማመጥ ነው። ትኩስ እንጀራ በትኩስ እንጀራ ላይ ሲደረብ እንፋሎቱ መውጫ ያጣል፤ ሻጋታ የሚጠራው ያ እርጥበት ነው። እያንዳንዱ ከምጣድ ሲወጣ ሰፌድ ላይ ቀዝቀዝ ብሎ ነው መደረብ ያለበት። ፌስታል ውስጥ የገባ እንጀራ ያልበዋል፤ መሶብ ወይም ንጹሕ ጨርቅ የተነጠፈበት ዕቃ ይሻላል። መሶቡ ራሱ በየጊዜው ተራግፎ ፀሐይ ካልሞቀ ደግሞ የባለፈው ሻጋታ የዛሬውን እንጀራ ይበክላል። ይህችን ብዙዎቻችን እንረሳታለን፤ ሊጡንና ዱቄቱን ስንወቅስ እንከርማለን።

ያለ ማቀዝቀዣ እንጀራ ሦስት፣ ቢበዛ አራት ቀን ነው የሚቆየው። ስለዚህ በሦስተኛው ቀን ማታ የተረፈውን ቆጥሮ መወሰን ልማድ ይሁን፦ ነገ ለቁርስ ፍርፍር ይሁን ወይስ ተቆራርሶ ፀሐይ ላይ ይውጣ? ድርቆሽ የሚሆነው ገና ደህና ያለ እንጀራ ነው። ሻጋታ የነካውን "በዚህ በኩል ደህና ነው" ብሎ ቆርጦ ማድረቅ አይገባም፤ ሻጋታ ዓይን ከሚያየው አልፎ ውስጥ ውስጡን ይሄዳል። እሱ ይጣል።

በደንብ የደረቀ ድርቆሽ እርጥበት በማይነካው ዕቃ ከተቀመጠ ለወራት አይበላሽም። ውጭ አገር ላለ ዘመድ ከበርበሬና ከሽሮ ጋር በሻንጣ የሚላከውም ለዚሁ ነው። እዚህ አገር ግን ድርቆሽ የቸገረው ሰው ምግብ ተደርጎ ሲታይ አያለሁ፤ በቅቤ የተሠራ የድርቆሽ ፍርፍር የቀመሰ ሰው እንዲህ አይልም።

በሳምንት ስንት ጊዜ መጋገር ይሻላል? የመብራቱስ ነገር?

እንጀራው ከሦስት አራት ቀን ስለማያልፍ ሁለት ጊዜ። በሳምንት አንድ ጊዜ ብዙ መጋገር ጉልበት የሚቆጥብ ይመስላል፤ የመጨረሻዎቹ እንጀራዎች ግን መጣያ ውስጥ ይገባሉ። በየቀኑ ጥቂት መጋገር ደግሞ ምጣዱን በየቀኑ ከቀዝቃዛ ማስነሳት ነው።

የኤሌክትሪክ ምጣድ 3.5 ኪሎዋት ገደማ ይስባል። ሁለት ሰዓት ከተሠራበት 7 ኪሎዋት ሰዓት ነው። በዚህ ኃይል ባለ 10 ዋት አምፖል 700 ሰዓት ይበራል፤ ሌትና ቀን ሳይጠፋ አንድ ወር ሊሞላ ምንም አይቀረውም። ስለዚህ በየክፍሉ እየዞሩ አምፖል የሚያጠፉ አባወራ ምጣዱ ባዶውን ሲግል ዝም ካሉ ትልቁን ወጪ አልፈው ትንሿን እያሳደዱ ነው። (አምፖሉም ይጥፋ፤ አልተከራከርንም።)

መፍትሔው ቀላል ነው። ሊጡ አብሲት ገብቶለት ኩፍ ሳይል፣ ማሰሻው፣ ሰፌዱና አክንባሎው ቀርበው ሳያልቁ ሶኬቱ አይሰካ። የመጨረሻው እንጀራ ወጥቶ ሶኬቱ ከተነቀለ በኋላ የሚቀረው ሙቀት ቂጣ ያሞቃል፣ በፀሐይ ያልደረቀ ድርቆሽም ያደርቃል። ከጎረቤት ጋር ተነጋግሮ በአንድ የጋለ ምጣድ ተከታትሎ መጋገርም ይቻላል፤ ሁለት ቤት አንድ ማሞቂያ ይካፈላል። በከሰል ለሚያበስል ደግሞ ላቀች ምድጃ ከተራው የቆርቆሮ ምድጃ ያነሰ ከሰል ይበላል።

ወጥ ሁልጊዜ ይተርፋል። ልኩን እንዴት ላግኘው?

ማቀዝቀዣ ላለው ሰው ከሁሉም የሚሻለው ወጡን ትቶ ቁሌቱን በብዛት መሥራት ነው። ሽንኩርቱ በዘይትና በበርበሬ በደንብ ቁላላ ብሎ ይቀመጣል፤ ከዚያ ማታ ስንት ሰው እንዳለ ታይቶ ምስሩ ወይም ሽሮው ለዚያው ልክ ይሠራል። ረጅሙን ሥራ አንድ ጊዜ ጨርሰዋል፣ የሚተርፍ ወጥ ግን የለም። መብራት ሲጠፋ ማቀዝቀዣው በሩ ካልተከፈተ አራት ሰዓት ያህል ቅዝቃዜውን ይይዛል። "እስኪ ደህና መሆኑን ልይ" እየተባለ በየግማሽ ሰዓቱ ሲከፈት ነው ምግቡ የሚበላሸው።

ማቀዝቀዣ የሌለው ቤት ወጥ ለአንድ ገበታ ነው መሥራት ያለበት። ሽሮ የተወደደውም አንዱ ምክንያት ይኸው ይመስለኛል፤ እንግዳ በር ሲያንኳኳ ተነስቶ በደቂቃዎች የሚደርስ ወጥ ነው። መቁጠር ነውር የሚመስለው ሰው ደግሞ ዶሮን ያስታውስ፦ 12 ብልት ወጥቶለት፣ ብልቱ ለማን እንደሚደርስ ታስቦ ነው ድስት የሚገባው።

በጅምላ መግዛት ይቆጥባል ወይስ ያባክናል?

እንደ ዕቃው ነው። ጤፍ ፍሬው ደቃቅ በመሆኑ ነቀዝ እምብዛም አይደፍረውም፤ ደረቅ ቦታ ካለ በኩንታል መግዛት ያዋጣል። ስንዴ፣ ባቄላና ሽምብራ ግን ይነቅዛሉ፤ ከሁለት ሦስት ወር ፍጆታ በላይ አይግዙ፣ ፀሐይም ያስመቷቸው። ሽንኩርት አየር በሚያገኝ ቅርጫት ይሰነብታል፤ ከድንች ጋር አንድ ላይ ከተቀመጠ ግን ሁለቱም ቶሎ ይበላሻሉ። ቲማቲም ረከሰ ተብሎ በሣጥን መግዛት ከጎረቤት ጋር ካልተካፈሉት በስተቀር ኪሳራ ነው።

ፌስታል ሕጉ ከልክሎታል ወይስ አልከለከለም? ምን ልያዝ?

ከልክሎታል። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ውፍረታቸው ከ0.03 ሚሊሜትር ያልበለጠውን ነበር የሚከለክለው። በ2017 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ያጸደቀው አዋጅ ግን ፌስታል ማምረትንም፣ ማስገባትንም፣ መሸጥንም፣ መጠቀምንም ይከለክላል፤ ቅጣትም አለው።

የሚያዘው ነገር አዲስ ግኝት አይደለም፤ ዘንቢል ነው። ለአትክልት ዘንቢል፣ ለዳቦ የጨርቅ ከረጢት፣ ለሥጋ ክዳን ያለው ዕቃ። ትኩስ ወጥ ወይም ሽሮ በፌስታል ማስቋጠር ድሮም መጥፎ ልማድ ነበር። ችግሩ ዘንቢል ማጣት ሳይሆን መርሳት ነው። እኔ ደጋግሜ ከረሳሁ በኋላ የበሩ እጀታ ላይ መስቀል ጀመርኩ፤ ሳልነካው መውጣት አልችልም። ከሥራ ሲመለስ የሚገዛ ሰው ደግሞ ቀጭን የጨርቅ ከረጢት አጥፎ ቦርሳው ውስጥ ይተው።

ቤት ውስጥ የተከማቸውን ፌስታል በተመለከተ፦ ሸቀጥ መያዝ ካልቻለ ለቆሻሻ ማውጫ ይሁን። ከሰል ለማቀጣጠል ግን በፍጹም አይጠቀሙበት። በብዙ ግቢ የሚደረግ ነገር ነው፤ ጭሱ መርዝ አለው፣ እሱን የሚተነፍሰው ደግሞ ምድጃው ላይ ያጎነበሰው ሰው ነው። ጭራሮ ወይም ወረቀት ይበቃል።

ባዶ ሃይላንድ ደግሜ ብጠቀምበት ችግር አለው?

ለቀዝቃዛ ውሃ፣ በሳሙና እየታጠበ፣ ለተወሰነ ጊዜ ችግር የለውም። ፈልቶ የወረደ ውሃ አይገልበጥበት፤ ሲጫጫር ወይም ሽታ ሲይዝ ይለወጥ። ሁልጊዜ ውሃ ይዞ ለሚወጣ ሰው አንድ የብረት ኮዳ ከመቶ ሃይላንድ ይበልጣል። ገጠር መንገድ ላይ ልጆች "ሃይላንድ! ሃይላንድ!" እያሉ መኪና የሚከተሉት ባዶው ጠርሙስ ቤት ውስጥ ዋጋ ስላለው ነው፤ ብትሰጧቸው ቆማችሁ ስጡ፣ ከሚሄድ መኪና አትወርውሩላቸው።

አንድ ነገር ግን ጠበቅ አድርገን እንናገራለን። በረኪና ወይም ነጭ ጋዝ በውሃ ጠርሙስ አታስቀምጡ። በየሱቁ በዚህ መልክ ተገልብጦ ይሸጣል፤ ሕፃን ደግሞ ውሃ መስሎት ይጠጣዋል። በቤታችሁ እንዲህ ያለ ጠርሙስ ካለ ይህን ማንበብ አቁማችሁ ልጅ የማይደርስበት ቦታ ቆልፉበት። ብክነት መቀነስ እዚህ ድረስ አይሄድም።

ለቁራሌው ምን ይሰጣል? ልዋጭስ ይሻላል?

"ቁራሌው!" የሚለው ጥሪ "ቆርቆሮ ያለው" ከሚለው ያጠረ ነው ይባላል፤ ዛሬ ግን ከቆርቆሮ በላይ ይገዛል። ብረታ ብረት፣ የተሰነጠቀ ጀሪካን፣ ጠርሙስ፣ አሮጌ ጫማ፣ የተበላሸ ካውያና ቴፕ ይወስዳል። መርካቶ ምናለሽ ተራ ያየ ሰው ይህ ሁሉ የት እንደሚደርስ ያውቃል፦ ጣሳው ምድጃ፣ በርሜሉ መጥበሻ ሆኖ ይወጣል። የመኪና ጎማ በረባሶ ሆኖ ስንት ገበሬና ስንት ወታደር እግር ተሸክሟል!

ልዋጮች ልብስና ጫማ ወስደው ሳፋ ወይም ሰሃን ይሰጣሉ። ልውውጡ መጥፎ አይደለም፤ ነገር ግን አምስት ሳፋ ያለው ቤት ስድስተኛ ሳፋ ምን ያደርግለታል? ያልፈለጉትን ዕቃ በሌላ ባልፈለጉት ዕቃ መቀየር ቤቱን አያቀልለውም። ገና የሚለበስ ልብስ ለሚለብሰው ሰው በቀጥታ ቢሰጥ ይመረጣል፤ ታጥቦ፣ ቁልፉ ተሰፍቶ።

ልብስ ብዙ አለኝ፤ የምለብሰው ግን ጥቂት ነው። ምን ላድርግ?

መግዛቱን ለሦስት ወር ያቁሙት። ሳልባጅ ርካሽ ነው ማለት አያስፈልግም ማለት አይደለም፤ በርካሽነቱ የተገዛ ልብስ ነው ቁምሳጥን የሚሞላው። ዚፑ የተበላሸውንና የጠበበውን ሁሉ በአንድ ቀን ሰፈር ያለ ልብስ ሰፊ ጋ ይውሰዱ። በየዓመት በዓሉ የሚቀያየረው የሀበሻ ልብስ ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው፤ ለአንድ ቀን ሠርግ ሲሆን መከራየት ነውር መሆኑ ቀርቷል።

ያረጀ ነጠላ አይጣልም። ለሕፃን መጠቅለያ፣ ለመሶብ ማልበሻ፣ በመጨረሻም ለወለል መወልወያ ይሆናል። እናቶቻችን ይህን ስም ሳይሰጡት ያደርጉት ነበር።

ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣልን። ከዚህ በላይ ምን እንቆጥባለን?

የሚገርመው በፈረቃ የሚኖር ሰው ብዙ ውሃ የሚያባክነው ውሃ በመጣበት ቀን ነው። "ውሃ መጣ!" ሲባል የቆየው በርሜልና ጀሪካን ተደፍቶ አዲስ ይሞላል። ክዳን ባለው ንጹሕ ዕቃ የሰነበተ ውሃ ለልብስ፣ ለወለልና ለሽንት ቤት ምንም አይጎድለውም። ጀሪካኖቹን በተራ ደርድሮ የቀደመውን አስቀድሞ መጠቀም ነው።

ከዚያ በኋላ የሚቀረው ሁለተኛ ጊዜ መጠቀም ነው፦ ሩዝና አትክልት የታጠበበት ለተክል፣ ልብስ የተለቀለቀበት ለሽንት ቤት። የሚያንጠባጥብ ቧንቧም አይናቅ። ሌሊት ባልዲ ይደቀንበትና ጠዋት ይለካ፤ በሰከንድ አንድ ጠብታ የሚጥል ቧንቧ በቀን ከ10 ሊትር በላይ ሊያፈስ ይችላል።

ኮንዶሚኒየም ነው የምኖረው። ብስባሽ መሥራት እችላለሁ?

በረንዳ ካለ ይቻላል። ጎንና ጎኑ የተበሳ ባልዲ ወይም ከላይ የተቆረጠ ጀሪካን፣ ከሥሩ መደቀኛ። እርጥቡ የሽንኩርትና የድንች ልጣጭ፣ የጎመን ግንድ፣ የእንቁላል ቅርፊትና የቡና አተላ ነው። በእርጥቡ ላይ ሁልጊዜ ደረቅ ነገር ይደረብበት፦ ሰጋቱራ፣ የተቀዳደደ ካርቶን፣ ወይም ለበዓል ተጎዝጉዞ የደረቀው ቄጠማ። ሥጋ፣ ወጥና ዘይት አይገባም፤ አይጥ ይጠራል።

ከሸተተ እርጥቡ በዝቷል፤ ደረቁን ጨምሮ ማገላበጥ ነው። ጭራሽ ካልበሰበሰ ደግሞ ደርቋል፤ ትንሽ ውሃ ይረጭበት። በጥቂት ወራት ጥቁርና አፈር አፈር የሚል ይሆናል፤ በሶብላና ጤና አዳም ያለባት አንዲት ጣሳ ትቀበለዋለች። በረንዳ የሌለው ሰው ግቢ ውስጥ አትክልት ለሚንከባከበው ሰው ልጣጩን ቢሰጥም ያው ነው። የቡና አተላ እንዲያውም ከመጣሉ በፊት ሦስት ጊዜ ሠርቷል፤ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ብለን ከአንድ ውቅጥ የምንጠጣ ሰዎች በዚህ በኩል የሚያስተምረን አንፈልግም።

እንግዳና ድግስ ሲመጣ ሁሉም ይፈርሳል። እንዴት ላድርግ?

እዚህ ላይ ነው ዋናው ብክነት ያለው፤ ምክንያቱም የምንፈራው ረሃብን ሳይሆን ሐሜትን ነው። "አነሰ" ከሚባል "ተረፈ" ይባል እንላለን። ለእንግዳ ከሆነ ምክሩ አንድ ነው፦ ትሪው ላይ ወጡ አነስ ብሎ ይውጣና ሲያልቅ ይጨመር። በጋራ ትሪ ላይ የተረፈ ወጥ ሁሉም እጅ የነካው ነው፣ ወደ ድስት አይመለስም፤ ድስት ውስጥ የቀረው ግን ለነገ ይሆናል። እየተነሱ መጨመር ደግሞ ከአንድ ጊዜ ክምር ይልቅ ለእንግዳው ክብር ነው። "በሞቴ" ማለትም፣ ማጉረስም አይከለከልም።

ለበዓል ሥጋ ቅርጫ ከሁሉም ይበልጣል፤ አንድ በሬ ለብዙ ቤት በመደብ ተካፍሎ ማንም ማቀዝቀዣው ከሚችለው በላይ አይወስድም። ለድግስ ዕቃ እድር አለ፤ ድንኳኑ፣ ወንበሩ፣ ትልቁ ድስትና ሰሃኑ እዚያ እያለ የሚጣል የፕላስቲክ ሰሃን መግዛት ለምን? ማጠቢያ ሰው ጠፋ ይባላል፤ ለማጠቢያ ቢከፈል ከተጣይ ዕቃው ዋጋ ብዙም አይርቅም።

ከድግስ የሚተርፈውን ለተቸገረ መስጠት ከታሰበ ሰው ሳይነካው፣ በትኩሱ፣ በዚያው ቀን ይለይ። በሦስተኛው ቀን ሊጎመዝዝ ሲል የሚሰጥ ምግብ ስጦታ አይደለም።

ምግብ የምትሠራው ሠራተኛችን ናት። ልማዱን እንዴት ላስለምዳት?

መጀመሪያ ይጠይቋት። ምን እንደሚተርፍ፣ ማን ሳህኑ ላይ እንደሚተው፣ የትኛው ወጥ ሳይነካ እንደሚመለስ ከባለቤቶቹ ይልቅ የምታውቀው እሷ ናት። ብዙ ጊዜ አብዝታ የምትሠራው አነሰ ብለው ስለተቆጧት ነው። "ካነሰ ጥፋቱ የኔ ነው" የሚል ቃል ከሰማች ድስቱ በሳምንት ውስጥ ይቀንሳል።

የተረፈውን ሁሉ እሷ ትብላው ማለት ግን ብክነት መቀነስ አይደለም። ትናንት የተረፈ ፍርፍር ከሆነ ለሁሉም ገበታ ይቅረብ።

ሰው ቆንቋና ይለኛል። ምን ልበል?

ለሰው ከሚሰጡት ቀንሰው ከሆነ ስሙ ይገባዎታል። ዘንቢል ይዘው ስለወጡ ወይም ጫማ ስላሰፉ ከሆነ ግን ምንም ማለት አያስፈልግም። በተለይ ዘመድ ቤት ተጋብዘው ስለ ብክነት አይስበኩ፤ ሰው ምግቡን ይዞ ፊትዎ ቆሞ ስለ ቆሻሻ መስማት አይፈልግም። የቀረበልዎትን በልክ አስቀንሰው ይቀበሉና ሰሃኑን ባዶ አድርገው ይመልሱ።

ለይቼ ባወጣም መኪናው ላይ ይቀላቀላል። ታዲያ ምን ዋጋ አለው?

ትክክለኛ ቅሬታ ነው፤ ብዙ ሰፈር ይቀላቀላል። ስለዚህ መለየቱ መኪናው ከመድረሱ በፊት ማለቅ አለበት። ታጥቦ የደረቀ ሃይላንድና ጠርሙስ ለቁራሌው ወይም በር ለበር ለሚሰበስቡት ማኅበራት ልጆች በእጅ ሲሰጥ ይሸጣል፤ ወጥ የነካው ግን ማንም አያነሳውም፣ ከሌላው ጋር የከተማዋ ቆሻሻ ወደሚከመርበት ወደ ቆሼ ይሄዳል።

ቆሼ ምን እንደሆነ የአዲስ አበባ ሰው ያውቃል። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. የቆሻሻው ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሞተዋል፤ ብዙዎቹ ከሥሩ ጎጆ ቀልሰው የሚኖሩ ነበሩ። በነሐሴ 2010 ዓ.ም. እዚያው ረጲ ላይ ከቆሻሻ ኃይል የሚያመነጭ ፋብሪካ ተመርቋል፤ እርጥብ የምግብ ቆሻሻ ግን እሳትም አይወድም፤ ውሃው እስኪተን ኃይል ይበላል። ከቤት ሳይወጣ ባልዲ ውስጥ የበሰበሰ ልጣጭ እዚያ ክምር ላይ አይደርስም። ሁለት ዕቃ ይበቃል፦ ለልጣጩ ባለ ክዳን ባልዲ፣ ለደረቁ አንድ ባዶ የማዳበሪያ ከረጢት ከበሩ ኋላ። ከረጢቱ ሲሞላ ቁራሌው ሲጮህ መስኮት ከፍቶ መጥራት ነው።